የኮርኒሱ እድፍ ስንት ጊዜው ነው? በሀዋሳ ቤቶች የውሃ ጉዳትን ዕድሜ ለመገመት

ቤት በበጋ ሲታይ ያምራል። ጥር ላይ ሀዋሳ ውስጥ አንድ ቤት ልታዩ ትገባላችሁ። ጣራው ደርቋል፣ ግቢው አቧራ ነው፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ቀና ስትሉ ግን የኮርኒሱ ጥግ ላይ ቡናማ እድፍ አለ። «እሷማ የድሮ ናት፣ ጣራው ተሠርቷል» ይላል ደላላው። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ለሚገዛም፣ ለሚከራይም፣ እዚያው ለሚኖርም ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መንስኤው የተዘጋለት የድሮ ጉዳት ብዙ ጊዜ በቀለምና በትንሽ ጥገና ያልቃል። ውሃው ዛሬም የሚገባ ከሆነ ግን የጣራውን እንጨት ያበሰብሳል፣ የኤሌክትሪክ መስመር ውስጥ ይገባል፣ ሻጋታው አስም ላለበት ልጅ መተንፈስ ያከብድበታል።

የእድፍን ዕድሜ ቀን ቆጥሮ የሚነግር አንድ ምልክት የለም። «ይሄ የስድስት ወር ነው» ብሎ በአንድ እይታ የሚፈርድ ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። የሚሠራው ዘዴ ሌላ ነው። አንዳንድ ምልክቶች «ቢያንስ ይህን ያህል ጊዜ ሆኖታል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ከዚህ አይበልጥም» ይላሉ። የእድፉ ዕድሜ በሁለቱ መካከል ነው ያለው። ሁለቱን ጫፎች እያጠበባችሁ ስትሄዱ «የዚህ ሳምንት ነው»፣ «የዘንድሮ ክረምት ነው» ወይም «ብዙ ክረምት አይቷል» ማለት ትችላላችሁ። ለውሳኔ ይህ ይበቃል።

ከመነሳታችሁ በፊት

የሚያስፈልገው ዕቃ ቤት ውስጥ አለ። መብራት ያለው ስልክ፣ እርሳስ፣ ሶፍት፣ ሳንቲም፣ ካቻቢቴ፣ አንድ ቁራጭ ግልጽ ላስቲክና ፕላስተር። የርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለም ሥራው አይቆምም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቀድማል። እድፉ አምፖል፣ ሶኬት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ አጠገብ ከሆነና እርጥብ ከመሰላችሁ አትንኩት። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ኮርኒሱ ወደ ታች ካበጠ ወይም ከጎበጠ ሥሩ አትቁሙ። በላዩ ላይ ውሃ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል።

1. ወሩን ከእድፉ ጋር አስተያዩ

ሀዋሳ ላይ ዝናቡ በአብዛኛው ከመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ካፊያ ይኖራል። ይህችን ብቻ ማወቅ ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ጥር ላይ እርጥብ እድፍ ካገኛችሁና በቅርቡ ካልዘነበ ጣራውን ተዉት። ውሃው ከቧንቧ፣ ከታንከር፣ ከሻወር ቤት ወይም ከመሬት ነው የሚመጣው። ነሐሴ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ሲነጋ እድፉ ድርቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ወይ ጣራው በትክክል ተጠግኗል፣ ወይ መንስኤው ከመጀመሪያውም ዝናብ አልነበረም። አንድ ዝናብ ግን አያስተማምንም። ነፋስ ከአንድ አቅጣጫ ሲመጣ ብቻ የሚያፈስ ጣራ አለ።

በቤቱ የሚኖሩትን ስትጠይቁ «መቼ ጀመረ?» ማለት ብዙም አይጠቅምም። ሰው ቀኑን አያስታውስም፤ በዓሉን ግን ያስታውሳል። «ከፍቼ ጨምበላላ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»፣ «ለሐምሌ ገብርኤል እንግዳ ሲመጣ ነበረ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ወዲያው ይጠራል።

2. ንኩት፣ አሽትቱት

ሶፍቱን እድፉ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ሶፍቱ ከራሰ ውሃው አሁን እየመጣ ነው ወይም ከመጣ ገና ብዙ አልቆየም። ካልራሰ በእጃችሁ ጀርባ እድፉንና ከሱ ራቅ ያለውን ደረቅ ግድግዳ አፈራርቃችሁ ንኩ። እርጥበት እየተነነ ያለ ቦታ ይቀዘቅዛል። ቀዝቀዝ ካለ ውስጡ ገና አልደረቀም።

ሽታው የሚታወቀው ክፍሉ ለጥቂት ሰዓት ተዘግቶ ሲከፈት ነው። ስለዚህ ቤት ልታዩ ስትሄዱ መስኮቱ ሁሉ ቀድሞ ተከፍቶ፣ ዕጣን ተጭሶ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ሳትነግሩ ብቅ ማለት አይከፋም። ቁም ሳጥን ከፍታችሁም አሽትቱ። የሻጋታ ሽታ እዚያ ይቆያል።

3. ጠርዙን አንብቡ

አዲስ እድፍ ጠርዝ የለውም። መሃሉ ጠቆር ይላል፣ ወደ ዳር እየሳሳ ከግድግዳው ቀለም ጋር ይቀላቀላል። ሲደርቅ ነው ጠርዝ የሚያወጣው። ውሃው አቧራውን፣ የእንጨቱን ቀለምና ዝገቱን አሟሙቶ እየገፋ ይወስድና እየተነነ ያለቀበት ዳር ላይ ያስቀምጠዋል። ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ቡና ሲደርቅ ዳሩ የሚጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አንድ ቡናማ ቀለበት ማለት አንድ ጊዜ ርሶ ደረቀ ማለት ነው። ቀለበት ውስጥ ቀለበት ካያችሁ ደጋግሞ ርሷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቀለበቱን እንደ ዓመት ይቆጥራል። ቀለበት የሚቆጥረው መርጠብን ነው። በአንድ የሐምሌ ሳምንት ሦስት ቀለበት ሊፈጠር ይችላል። ከቁጥሩ ይልቅ አቀማመጡን እዩ። የውጨኛው ቀለበት ከሁሉም ደማቅና ጥርት ያለ ከሆነ ፍሳሹ እየሰፋ መጥቷል። ውጨኛው ደብዝዞ ትንሹ የውስጥ ቀለበት ከደመቀ ደግሞ በቅርቡ የገባው ውሃ ከበፊቱ ያነሰ ነው።

በቀለም መወሰን ያሳስታል። ችፑድ ኮርኒስ በመጀመሪያው ርጥበት ራሱ ቡናማ ይሆናል። በድሮ ቤቶች ያለው የአቡጀዲ ኮርኒስ የስንት ዓመት አቧራና ጭስ ስለተሸከመ ከዚያም ይጠቁራል። በነጭ ጂፕሰም ላይ ያው ውሃ ፈዛዛ ቢጫ ብቻ ሊተው ይችላል። አቧራና የሸረሪት ድር ግን ይረዳሉ። እድፉ ላይ እንደ አካባቢው እኩል አቧራ ካለና ድሩ ሳይበጠስ በላዩ ካለፈ፣ ውሃ ወደዚያ ከመጣ ቆየት ብሏል።

4. «ቢያንስ» የሚሉትን ምልክቶች ሰብስቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብዙው መረጃ ያለው እዚህ ነው።

ሻጋታ። በረጠበ ቦታ ላይ ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ማደግ ሊጀምር ይችላል። በዓይን የሚታይ ነጥብ እስኪሆን ግን ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። መጀመሪያ የተበታተኑ ነጠብጣቦች ናቸው፤ ቆይተው ይገጣጠማሉ። ስለዚህ ሻጋታ ያለበት እድፍ የትናንት አይደለም። ከዚህ በላይ ግን አይናገርም፤ የሁለት ሳምንትም የሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል። በበረኪና የተጠረገ ሻጋታ ቀለሙ ይጠፋል እንጂ ልስኑ ወይም እንጨቱ ውስጥ የገባው ሥሩ ይቀራል። ክፍሉ በረኪና በረኪና ከሸተተ ጠይቁ። ደረቅ ሻጋታ ሲፋቅ ይበናል፤ አፍንጫችሁን ሳትሸፍኑ አትፋቁት።

ቀለምና ልስን። ቀለም በርጥበት ማበጥ ከጀመረ የቀናት ነገር ሊሆን ይችላል። አብጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ተልጦ፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ከተጠቀለለ ግን ብዙ ጊዜ ርሶ ደርቋል። በሳንቲም ኳ ኳ አድርጉት። ጥሩ ልስን ድፍን ድምፅ አለው። ከብሎኬቱ የለቀቀ ልስን ባዶ ይጮኻል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ብሎኬቱ ውሃ ሳይጠጣ ከተለሰነ ልስኑ ያለ ምንም ፍሳሽ ገና ከመጀመሪያው ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ባዶ ድምፅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ እድፉ ያለበት ቦታ ብቻ ባዶ ሆኖ ሌላው ድፍን ከሆነ ነው ክብደት የሚኖረው። ጀሶና ስቱኮ በርጥበት ለስልሰው በጥፍር ይፋቃሉ፤ የሲሚንቶ ልስን ግን እንደዚያ አይለሰልስም።

እንጨት። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ምስክር ይህ ነው። ችፑድና ፋብሪካ ሠራሽ የቁም ሳጥን እንጨት ውሃ ሲነካው በሰዓታት ወይም በቀናት ያብጣል፤ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። የሻወር ቤቱን በር ታችኛ ጥግ፣ የወጥ ቤት ካቢኔውን እግር እዩ። እብጠት ብቻ ካለ አንድ ጊዜ የፈሰሰ ውሃም ሊያደርገው ይችላል። መበስበስ ግን ሌላ ነገር ነው። እንጨት እንዲበሰብስ ውስጡ ያለው ርጥበት በመቶኛ ወደ 30 ገደማ ደርሶ ለሳምንታትና ለወራት መቆየት አለበት። ከ20 በመቶ በታች ያለ እንጨት በአብዛኛው አይበሰብስም። የካቻቢቴውን ጫፍ በሞራሌው (ጣራውን በያዘው እንጨት) ወይም በመስኮቱ ክፈፍ ላይ ጫን አድርጉ። ያለ ትግል ከገባ፣ እንጨቱ በትናንሽ ኩብ መልክ ከተሰነጣጠቀ ወይም እንደ ክር ከተፈታ፣ ጉዳቱ ቢያንስ የወራት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ ክረምት በላይ ነው። ምስጥም ርጥበት ይወዳል። በግድግዳው ላይ የወጣ የአፈር መንገድ ካያችሁ የት ተጀምሮ የት እንደሚደርስ ተከተሉት።

በጭቃ ቤት ላይ የምታዩት የቋሚውን እግር ነው። ጭቃው ታጥቦ ጭዱ ከወጣ የአንድ ክረምት ሥራ ሊሆን ይችላል። ቋሚው መሬት ጥግ ላይ ሲነካ የሚቦረቦር ከሆነ ግን ውሃው ለዓመታት እዚያ ሲተኛ ኖሯል።

ሚስማርና ብረት። ተራ ሚስማር በረጠበ ቦታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀላ ያለ ዝገት ያወጣል። ያ ዝገት በጣት ሲነካ የሚያቀልም ብናኝ ነው። ዝገቱ ንብርብር ሆኖ እየተቀረፈ ከወደቀ፣ ጭንቅላቱም ተበልቶ ከሳሳ ጊዜው ረጅም ነው። ቆርቆሮ ዚንክ ስለተቀባ መጀመሪያ ነጭ ዱቄት መሳይ ዝገት ያወጣል። ቀዩ ዝገት የሚመጣው ዚንኩ ካለቀ በኋላ ነው። በቆርቆሮ ሚስማሩ ሥር ያለውን ጎማም እዩ። ፀሐይ አድርቆት ከተሰነጣጠቀ ፍሳሹ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ፎቅ ቤት ላይ ደግሞ የሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ፌሮ፣ ማለትም በውስጡ ያለው ብረት፣ ዝጎ ኮንክሪቱን ገፍቶ ከሰነጠቀው ጉዳዩ የዓመታት ነው። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ነው ኮንክሪቱን የሚፈነቅለው። እንዲህ ያለውን ካያችሁ ግምቱን አቁማችሁ መሐንዲስ ጥሩ።

ጨው። ግድግዳ ላይ የሚወጣ ነጭ ብናኝ ሻጋታ ይመስላል፤ አይደለም። ጠብታ ውሃ አድርጉበት። ከሟሟና ከጠፋ ጨው ነው። ተለውሶ ከቀረ ሻጋታ ነው። ጨው የሚወጣው ውሃ በብሎኬቱ ውስጥ አልፎ ላዩ ላይ ሲተንን ስለሆነ ደጋግሞ መርጠብና መድረቅን ያሳያል። ለስላሳና በጣት የሚጠረግ ከሆነ ከወጣ ብዙም ላይቆይ ይችላል። ጠንክሮ ቅርፊት ከሠራ ቆይቷል። ከሶሌታ ሥር እንደ ጥርስ ተንጠልጥሎ የጠነከረ ነጭ ነገር ካያችሁ ውሃው ከሲሚንቶው ኖራ ይዞ ለረጅም ጊዜ ሲንጠባጠብ ነበር።

5. «ከዚህ አይበልጥም» የሚሉትን ፈልጉ

ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም። ዕድሜውን በእርግጥ የሚያጠበው ግን ይህ ነው።

ጥያቄው ቀላል ነው፦ እድፉ ከቀለሙ በላይ ነው ወይስ በታች? ከቀለሙ በላይ ከሆነ ከመጨረሻው ቀለም በኋላ የመጣ ነው። ቤቱ ለመስቀል ከተቀባ እድፉ ከመስቀል አይቀድምም። ከቀለሙ በታች ከሆነ ግን ድሮም ነበር፤ ተሸፍኗል። በውሃ የሚበጠበጥ ተራ ቀለም ደግሞ ቡናማ እድፍን አጥብቆ አይሸፍንም። ቀለሙ ራሱ ሲደርቅ እድፉን ስቦ ያወጣዋል። እንዲህ ያለው እድፍ ፈዛዛ ነው፣ በላዩ ያለው የቀለም ገጽ ግን ለስላሳና ያልተነካ ነው፤ አላበጠም፣ አልተላጠም።

የስልካችሁን መብራት ከግድግዳው ጋር አስጠግታችሁ ወደ ጎን አብሩት። ፊት ለፊት ሲበራ የማይታየው እብጠት፣ የተለጠፈ ስቱኮና ለብቻው የተቀባ ቦታ ጥላ ያወጣል። ከክፍሉ ሁሉ አንድ ጥግ ብቻ ተቀብቶ ካገኛችሁ ወይም ከኮርኒሱ አንዷ ሰሌዳ ብቻ አዲስ ከሆነች ምክንያቱን ጠይቁ። አዲስ መሆኗ በራሱ መጥፎ አይደለም። በደንብ የጠገነ ሰውም ሰሌዳ ይቀይራል። ጣራው ላይስ ምን ተሠራ የሚለውን ግን ማወቅ ይኖርባችኋል።

ሌሎችም የጊዜ ምልክቶች አሉ። እድፉ ወደ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ይዘልቃል ወይስ ጠርዙ ላይ ይቆማል? ጠርዙ ላይ ከቆመ ቁም ሳጥኑ እዚያ ከተቀመጠ በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ የተለጠፈው) ሲነሳ ከጀርባው ያለው ግድግዳ ምን ይመስላል? ቤቱ ራሱ የተሠራበት ዓመትም የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ከሱ የሚያረጅ እድፍ የለም። በስልክ ያሉ የበዓልና የልደት ፎቶዎችን አትናቁ። ከሳቁት ሰዎች ጀርባ ኮርኒሱ ይታያል፣ ፎቶው ደግሞ ቀን አለው። እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

6. ከታች የሚመጣው ውሃ

ሀዋሳ ላይ ይህ ለብቻው መታየት አለበት። ሀዋሳ ሐይቅ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝና ከተፋሰሱ የሚመጣው ጎርፍ ይገባበታል፤ በላይ በላዩ የሚሄደው በትነት ነው። ስለዚህ ዝናብ በበዛበት ዘመን ሐይቁ ይነሳል። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ከፍ ብሎ ከተማዋን አስግቶ ነበር፤ በዳሩ የተሠራው ግድብም ለዚህ ነው። ወደ ሐይቁ በቀረበና ዝቅ ባለ ሰፈር የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ቅርብ ስለሆነ ግድግዳ ከመሬት ውሃ ይስባል።

ከታች የሚመጣ ርጥበት መልኩ የታወቀ ነው። ከወለሉ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ገደማ አያልፍም። ጫፉ ላይ አግድም የሄደ የጨው መስመር አለው። ቀለሙ ከታች ነው የሚላጠው። የዚህን ዕድሜ በቀለበት መገመት አይቻልም፤ ከወቅቱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ጨርሶ ላይደርቅ ይችላል። የጨው መስመሩን ቁጠሩ። በተለያየ ከፍታ ሁለት ሦስት መስመር ካለ ውሃው በተለያየ ጊዜ የተለያየ ከፍታ ደርሷል።

ለወለሉ ላስቲኩን ተጠቀሙ። ጎኑ ግማሽ ሜትር ያህል የሆነ ግልጽ ላስቲክ ሊሾው ላይ አንጥፉና ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። በማግስቱ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ እዩት። ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሊሾው ከጠቆረ ርጥበቱ ከታች እየመጣ ነው። ያንኑ ግድግዳ ላይ ማድረግ ትችላላችሁ። ጠብታው በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ነው። በክፍሉ በኩል ባለው ገጽ ላይ ከሆነ ግን የክፍሉ እንፋሎት ነው። መስኮት የሌለው ወጥ ቤት፣ ከግድግዳ የተጣበቀ ቁም ሳጥን ጀርባ፣ ልብስ የሚሰጣበት ክፍል እንዲህ ይሆናል። እዚያ ጥግ ላይ ሻጋታ ይወጣል፤ ቀለበት ግን የለውም። ያኔ መፍትሔው አየር ማስገባት ነው።

መሣሪያ የያዘ ሰው ቢመጣም አንድ ነገር እወቁ። በሁለት መርፌ የሚወጋ የርጥበት መለኪያ ጨዋማ ግድግዳ ላይ ያጋንናል፤ ጨው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መለኪያው ለእንጨት ጥሩ ነው። እንዲህ ላለ ግድግዳ ግን ቁጥሩን ሳይሆን የቦታ ለቦታ ልዩነቱን እዩ።

የሰፈሩን ሰው መጠየቅ ደግሞ አትርሱ። ደጃፍ ላይ የተቀመጡ እናት ካሉ «እማማ፣ ክረምት ላይ እዚህ ግቢ ውሃ ይተኛል እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰፈሩ ውስጥ የቆየ ሰው ጎርፉ የት እንደሚያልፍና ውሃው የትኛው ደረጃ ድረስ እንደደረሰ በጣቱ ያሳያችኋል።

7. እርሳሱ ይፍረድ

እዚያው የምትኖሩ ከሆነ ይህ ደረጃ ከሁሉም ያሳርፋል። የእድፉን ዙሪያ በእርሳስ ስመሩ። ጎኑ ላይ ቀኑን ጻፉ። እስክሪብቶ ወይም ሜትር አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ጨው ካለ ጠርጉትና ቀኑን ያዙ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ከወጣ ውሃው አላቆመም።

ከዚያ መንስኤዎቹን አንድ በአንድ ለዩ። ከዝናብ በኋላ ተመልከቱ። ቧንቧ ከጠረጠራችሁ ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከተንቀሳቀሰ የሚፈስበት ቦታ አለ። ታንከር ካላችሁ መጀመሪያ እስኪሞላ ጠብቁ፤ አለዚያ ቆጣሪው የሚዞረው ለእሱ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ወሳኙ ጥያቄ እድፉ የሚርሰው ውሃ በመጣበት ቀን ነው ወይ የሚል ነው። በዚያ ቀን ብቻ ከራሰ ችግሩ ከቆጣሪ እስከ ታንከር ባለው መስመር ላይ ወይም ታንከሩ ሲሞላ በሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ላይ ነው። ኳሱ ካልዘጋ ታንከሩ ሞልቶ ይፈስና ውሃው ጣራው ላይ ይወርዳል። በየቀኑ ከራሰ ግን ከታንከሩ በኋላ ያለውን መስመር ፈትሹ።

በኮንዶሚኒየም ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ከላይ ያለው ሻወር ቤት ነው። በክስ አትጀምሩ። «እትዬ፣ ይቅርታ ላስቸግርዎት። ኮርኒሳችን እየራሰ ነው፤ ሻወሩን አንድ ሁለት ቀን ባይጠቀሙበት ከየት እንደሆነ እንለየው ነበር» ብትሉ አብዛኛው ሰው ይተባበራል። ፎቶውንም አሳዩአቸው። የላይኛው ቤት ሰው ጉዳቱን ስለማያየው ነው አንዳንዴ ችላ የሚለው።

8. አንድ ላይ አድርጋችሁ ስትፈርዱ

ወደ መጀመሪያው የጥር ቤት እንመለስና እንሞክረው። ባለቤቱ ቤቱን ለመስቀል ቀብቼዋለሁ ይላሉ። እድፉ ከቀለሙ በላይ ነው፤ ሁለት ቀለበት አለው፤ ሶፍቱ አልራሰም፤ ሲነካም አይቀዘቅዝም። እስካሁን ያለን ይህ ነው፦ ከመስቀል ወዲህ የመጣ ነው፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ርሷል፣ አሁን ደርቋል። ዝናቡ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ የመስከረም መጨረሻና የጥቅምት ዝናብ ሊሆን ይችላል። ሦስት ወር ገደማ ማለት ነው።

ነገር ግን ወደ ጣራው መግቢያ ተከፍቶ በባትሪ ሲታይ የችፑዱ የላይኛው ፊት ላይ ከታች የማይታዩ የድሮ ቀለበቶች አሉ። የሞራሌው ሚስማር ዝገት እየተቀረፈ ነው። ካቻቢቴ ሞራሌው ውስጥ በቀላሉ ይገባል። እንግዲህ ፍሳሹ ከቀለሙ ይበልጣል። ከአንድ በላይ ክረምት አልፎበታል። ቀለሙ የድሮውን ሸፈነ፣ ጣራው ግን አልተሠራም ወይም የተሠራው ቦታው ላይ አይደለም። ታች ያለው የሦስት ወር እድፍ ሐሰት አልተናገረም፤ ሙሉውን ግን አልነገረንም። ለዚህ ነው በተቻለ መጠን ሁልጊዜ የኮርኒሱን ላይኛ ፊት ማየት የሚያስፈልገው።

ምልክቶች ሲጋጩ ረጅሙን ዕድሜ ለጉዳቱ ስጡት፣ አጭሩን ለመጨረሻው መርጠብ። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። «መቼ ጀመረ?» የሚለው ጥገናው እስከምን እንደሚደርስ ይነግራችኋል። «መጨረሻ የራሰው መቼ ነው?» የሚለው ደግሞ ዛሬ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

9. በጽሑፍ ይኑር

የምትከራዩ ከሆነ በገባችሁበት ቀን ያያችሁትን እድፍ ሁሉ ፎቶ አንሱ፤ ክፍሉን፣ ቦታውን፣ ስፋቱን በሴንቲ ሜትር፣ እርጥብ ወይም ደረቅ መሆኑን ጻፉ፤ አከራይና ተከራይ ይፈርሙበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ይህችን ዝርዝር ከውሉ ጋር ማያያዝ ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። ተከራዩ ሲወጣ የድሮውን ጉዳት አይከፍልም፤ አከራዩም አዲሱን አይሸከምም። ለሚገዛ ሰው ደግሞ «ጣራው ተሠርቷል» የሚለው ቃል መቼ፣ በማን፣ የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር።

ቀለም የሚቀባው ከሁሉም በኋላ ነው። መንስኤው ይዘጋ፤ የበሰበሰው እንጨትና የለቀቀው ልስን ይነሳ፤ ግድግዳው ይድረቅ። ላስቲኩን ግድግዳው ላይ መልሳችሁ አሽጉት፤ በማግስቱም ጠብታ ከሌለ፣ የእርሳሱ መስመርም ቢያንስ ሁለት ሦስት ከባድ ዝናብ ሳይታለፍ ከቆየ ቀለም ቀቢውን መጥራት ትችላላችሁ።